አትንኩኝ ብዬ የሄድኩበት ሰንበት

የመንፈሳዊ ቆይታው መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የምበላና የማልበላው፣ ሰንበትን በምን ሥርዓት እንደምጠብቅ የሚጠይቁትን ቦታዎች ቡናዬ ሳይበርድ ሞላኋቸው። ቀጥሎ «ክፍል ከሌላ ሰው ጋር ለመጋራት ፈቃደኛ ነህ?» የሚል መጣ። እዚያ ላይ አራት ቀን ቆምኩ።

የአርባ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ከወንድሞቼ ጋር በአንድ መደብ ላይ ተጋፍቼ ያደግኩ፣ በእስራኤል ጦር ውስጥ ከስምንት ወታደሮች ጋር በአንድ ድንኳን ያደርኩ ሰው ነኝ። መጋራቱ አዲስ አልነበረም። ያኔ ግን አጠገቤ የሚተኛው ሰው ስለ እኔ አንዳች አያውቅም ነበር። ከሚያውቅ ሰው ጋር መብራት ማጥፋት ነው የከበደኝ። በአራተኛው ቀን «አዎ» አልኩ፤ ለብቻ ለማደር የሚጨመረው ገንዘብ ስላልነበረኝ እንጂ ስለደፈርኩ አይደለም።

ዝግጅቱ ወንድ ለሚያፈቅሩ አይሁድ ወንዶች የተሰናዳ የሁለት ሌሊት መንፈሳዊ ቆይታ ነው። ዓርብ ከሰዓት ትገባለህ፣ ሰንበትን አብረህ ትጠብቃለህ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ትወጣለህ። ፈረንጆቹ ሪትሪት ይሉታል። በአማርኛ «ሱባኤ» ልለው ብዬ ነበር፤ ሱባኤ ግን ጾም አለበት፣ እኔ ደግሞ በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ጨምሬ ነው የተመለስኩት። የቦታውንም የአዘጋጆቹንም ስም አልጠራም፤ እዚያ ያየነውን ሰው እዚያው ልንተወው ተማምለናል። የምጽፈው እንደ እኔ ቅጽ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ካለ በአማርኛ የሚያነበው ነገር እንዲያገኝ ነው። እኔ ስፈልግ አላገኘሁም።

ትውልዴ ከጎንደር፣ ከአምቦበር ብዙም ከማይርቅ የቤተ እስራኤል መንደር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራቸው።) በ1984 የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እናቴ ሲደክመኝ እያዘለችኝ፣ ስበረታ እያስከተለችኝ በእግር ወደ ሱዳን ወጣን። ታናሽ ወንድሜ ኡም ራኩባ ካምፕ አፈር ውስጥ ቀረ። የተረፍነው በሙሴ ዘመቻ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጋ ሰው በተጓጓዘበት በረራ እስራኤል ገባን። ኒው ዮርክ የመጣሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው፤ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞርኩና በስልክ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ አወራለሁ።

አገር ቤት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ካወጡልን ስም አንዱ «አትንኩኝ» ነበር። የእኛ ሰው ከውጭ ሰው ጋር ከተነካካ ውሃ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። አያቴ ከገበያ ስትመለስ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ጅረቱ ነበር። እኛ ልጆች ልናቅፋት ስንሮጥ እጇን ዘርግታ በሩቁ ታስቆመናለች፤ «ቆዩ! ገና ነኝ!» እስራኤል ከገባን በኋላ ቤተሰቤ ያን ሕግ ቀስ በቀስ ተወው። እኔ ግን በሌላ ምክንያት ቀጠልኩበት። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ወንድ ትከሻዬን ሲነካኝ እንደ እንጨት እደርቃለሁ፤ ገላዬ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው። ጎንደር ውስጥ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እኔ ግን እንኳን ሰው የራሴን እጅ አላምነውም ነበር።

አሁን ሳልረሳ ዋናውን ማስጠንቀቂያ ልናገር። «ለአይሁድ ወንዶች፣ ስለ ወንድነትና ስለ ፍቅር፣ የሳምንት መጨረሻ መንፈሳዊ ቆይታ» የሚል ማስታወቂያ ስታይ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ሊሆን ይችላል። አንዱ አሁን የማወራልህ ነው። ሌላው ሊለውጥህ የሚፈልግ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ላይ በሁለተኛው ዓይነት አልፌያለሁ፤ ስሙን እተወዋለሁ። አንድ የምናከብረው ሰው ነበር የላከኝ፣ በደግነት ነው የላከኝ። እዚያ አንድ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ትራስ አቆሙና የቴኒስ ራኬት ሰጡኝ። «ይህ ትራስ እናትህ ናት። እንዲህ ያደረገችህ እሷ ናት። ምታት» አሉኝ። ራኬቱን ይዤ ቆምኩ። ያቺ ሴት መተማን ጀርባዋ ላይ አድርጋኝ ነው ያለፈችው። ራኬቱን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ መኪና ስላልነበረኝ እስከ ማግስቱ አጥሩ ጥግ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የትኛውም ዓይነት «ክብ ሠርተን እንቀመጥ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ እግሬ አውጪኝ ነው።

እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። በ2015 ኒው ጀርሲ ውስጥ እንዲህ ያለውን «ሕክምና» ለአይሁድ ወጣቶች ሲሸጥ የነበረ ድርጅት ተከሶ በሸማች ማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሏል፤ እንዲዘጋም ተደርጓል። የራኬቱ ነገር በዚያ ክስ ላይም ተነስቶ ነበር። እስራኤል ውስጥም በ2022 የጤና ሚኒስቴር ባለሙያዎቹ ይህን እንዳይሠሩ ከልክሏል። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «ፈውስ»፣ «ከማይፈለግ ስሜት መላቀቅ»፣ «እውነተኛ ወንድነትን ማግኘት» የሚሉ ቃላት ካየህ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ካልገባህ ደውልና ቀጥ አድርገህ ጠይቅ፤ «የሚያስተምረን ሰው ራሱ ወንድ ወዳጅ አለው? አብሮት ይመጣል?» በል። የእኛዎቹ ሲስቁ በስልኩ ተሰማኝ። «ባሌ ነው ወጥ ቤቱን የሚመራው» አለኝ የሚያስተምረን ራቢ።

ጊዜው በእኛ ኅዳር ሲገባ፣ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያልሞላ ነበር የቀረው። ቦታው ኮነቲከት፣ ሰሜን ምዕራቡ ኮረብታ ላይ ነው። ከግራንድ ሴንትራል ተነስተህ በሃርለም መስመር እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ ዋሳይክ ሁለት ሰዓት ያህል በባቡር ትሄዳለህ፤ ከዚያ የአዘጋጆቹ መኪና ይቀበልሃል። በዚያ ወቅት ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ትጠልቃለችና ከሰንበት በፊት ለመድረስ የጠዋቱን ባቡር መያዝ ግድ ነው። እኔ ስልኬን ቤት ረስቼ፣ ተመልሼ፣ የኋለኛውን ለጥቂት ነው የያዝኩት። ረስቼ ብተወውም ምንም አልነበረም፤ ሰንበት ላይ ስልክ አይወጣም፣ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ሦስቱንም ቀን ክልክል ነው። ይህን ቀድመህ አጣራ። ፎቶ የሚፈቅድ ቦታ ከሆነና ቤተሰብህ የማያውቅ ከሆነ አትሂድ። ኢትዮጵያ የምትመላለስ ሰው ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚደረግን ግንኙነት ወንጀል ያደርገዋል።

ስንገባ ደረት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ተሰጠን፤ የመጀመሪያ ስም ብቻ፣ የፈለግኸው ስም። አንዱ «ኤልያስ ነኝ ለዛሬ» ብሎ ጻፈ። ወደ ሃምሳ ሰው እንሆናለን። የሃያ ሦስት ዓመት ተማሪ አለ፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ አሉ፤ ጥቁር ኮት የለበሰ ኦርቶዶክስ አይሁዳዊ አለ፣ ኪፓ የሚባለውን የአይሁድ ቆብ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ የማያውቅም አለ። ጥቁር እኔና አንድ የብሩክሊን ልጅ ነበርን።

ከፀሐይ መጥለቅ በፊት፣ የፈለገ ሰው ሐይቁ ውስጥ እንዲጠልቅ ተነገረ። ሚክቬ፣ የአይሁድ የመንጻት መታጠቢያ፣ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የሄድኩበት ነገር ይኸው ነውና።

ውሃና እኛ ብዙ ታሪክ አለን። መንደራችን ውስጥ ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ሰንበት ሳይታጠቡ አይገባም። እስራኤል ስንደርስ ግን ያው ውሃ ሌላ ነገር ሆነ። የእስራኤል የሰፋርዲ አይሁድ ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ብለው ወስነው ነበር፤ ሆኖም የራቢዎቹ ምክር ቤት «ለጥርጣሬው» ሚክቬ ግቡ፣ ያለዚያ አናጋባችሁም አለ። ሱዳን በረሃ ልጁን ቀብሮ የመጣን ሰው እንደ አዲስ አይሁድ ሁን ማለት ነው። አባቴ በ1985 ኢየሩሳሌም በዋናው ራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ሜዳ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ ሚክቬ የሚባል ነገር አልረገጠም። «ወንዝ አውቃለሁ። ገንዳ አላውቅም» ይል ነበር።

እንግዲህ ሐይቁ ዳር ፎጣ ለብሼ ቆሜያለሁ። ኅዳር ነው፣ ቅጠሉ ረግፏል፣ ውሃው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንገባው፤ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ድንጋዩ ላይ ቆሞ ይመለከታል። ራቁት ነው ልማዱ፤ ቁምጣ ያደረገም ነበር፣ ማንም አልጠየቀውም። እኔ የደረሰኝ ከሰባ አራት ዓመቱ ሽማግሌ ጋር ነው። እሳቸው ቀድመው ገቡ፤ እንደ ሕፃን እየጮኹ ወጡ። ከዚያ «ሙሉ በሙሉ ስትጠልቅ ‹ካሽር› እልሃለሁ» አሉኝ። ጠልቆ የወጣን ሰው እንዲህ ማለት የተለመደ ነው፤ ፀጉር እንኳ ከውሃው በላይ አልቀረም ማለት ነው።

«አይበሉ» አልኳቸው።

«ለምን?»

የአባቴን ነገር ቆሜ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ በሦስት ዐረፍተ ነገር ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነበር። ሽማግሌው ሰሙኝና «ታዲያ ምን ልበል?» አሉ።

«ምንም አይበሉ። ብቻ እዚያው ይቁሙ።»

ሦስት ጊዜ ጠለቅኩ። ብርዱ ጭንቅላትን እንደ ሚስማር ነው የሚመታው፤ ስለ መንፈሳዊ ስሜት የሚያወሩህን አትመናቸው፣ ውሃ ውስጥ ሳለህ የምታስበው መውጣት ብቻ ነው። ስወጣ ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ፎጣውን ዘርግተው እየጠበቁኝ ነበር። ትከሻዬ ላይ አለበሱኝ። እጃቸውን ግን ወዲያው አላነሱትም። እንደ ልማዴ ደረቅኩ። ገባቸው መሰለኝ፤ ሳይጫኑም ሳያነሱም ዝም ብለው አቆዩት። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ከብርዱ ይሁን ከሌላ፣ ትከሻዬ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ «ና፣ ሻይ አለ» ብለውኝ ሄዱ።

ማታ ሰንበትን ስንቀበል፣ ራቢ ሽሎሞ አልካቤጽ በ16ኛው መቶ ዘመን ጽፋት ከተማ የደረሱትን መዝሙር ስንዘምር፣ በመጨረሻው አንጓ ላይ ሁሉም ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ ሰንበት ሙሽራ ሆና ትገባለችና። ይህ ለእኔ እንግዳ አይደለም። በእኛ በትእዛዘ ሰንበት መጽሐፍም ሰንበት ሴት ናት፤ በአምላክ ፊት ቆማ ስለ ነፍሳት ትለምናለች። ልዩነቱ፣ የእኛ ሰንበት ትንሽ ቆጣ ትላለች። እሳት የለም፤ ምግቡ ቀዝቃዛ ነው። ባልና ሚስትም በዚያ ሌሊት አይነካኩም። ራቢዎቹ ዘንድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ የዓርብ ማታ ፍቅር እንደ ጽድቅ ይቆጠራል። እራት ላይ ይህን ሳወራ ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። «እንግዲያው እኔ የቤተ እስራኤል ሰው ነኝ፤ አሥር ዓመቴ ነው!» አለ አንዱ።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው ያቺ ጥያቄ የመጣችው። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ፣ ፊቱ ብሩህ የሆነ ሰው፣ ዳቦ እየቆረሰ «አንተ መቼ ነው ወደ አይሁድነት የተለወጥከው?» አለኝ። ጥቁር አይሁዳዊ ከሆንክ ትጠየቃለህ፤ እንደ እኛው ከመገፋት ሸሽቶ የመጣ ሰው መሆኑ ከዚህ አያድንህም። አንድ መልስ አዘጋጅተህ ሂድ። የእኔ «ከሁለት ሺህ ዓመት ወዲህ አልተለወጥኩም፣ አንተስ?» የምትል ናት፤ ፈገግ ብለህ ነው የምትላት። ሰውየው ቀላ። ብሩክሊኑ ልጅ ከጠረጴዛው ማዶ ዓይኑን ጠቀሰኝ። በማግስቱ ሰውየው ሻይ ይዞልኝ መጣና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይቅርታው ግን ረዘመ፣ እኔ ነኝ በመጨረሻ ያጽናናሁት። ይህም አንድ ድካም ነው።

የክፍል ጓደኛዬን ነገር ላሳጥረው፤ ከሞንትሪያል የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር። «ላይላ ቶቭ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ማንኮራፋት ጀመረ። አራት ቀን የተጨነቅኩበት ሌሊት ይኸው ነው። የጆሮ መድፈኛ ያዝ።

የዚያ ሳምንት የኦሪት ንባብ ክፍል «ቫየራ» ነበር። አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሦስቱን እንግዶች የሚቀበልበት፣ ከዚያ ሰዶም የምትጠፋበት። አዘጋጆቹ ሳምንቱን ሆን ብለው ነው የመረጡት። ለእኔ ግን ጉዳዩ ከእነሱ በላይ ነው፤ እኔ የዚያችን ከተማ ስም በሥራ ቀን ሁሉ አፌ ውስጥ ይዤ ነው የምውለው። ሐኪሙ በሽተኛውን «ከወንድ፣ ከሴት፣ ወይስ ከሁለቱም ጋር ነው ግንኙነትህ?» ሲል በአማርኛ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አረጋውያኑ «ኧረ በስመ አብ!» ይላሉ። ወጣቱ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል። የመዝገበ ቃላቱ ቃል ያው የምታውቁት ነው፤ ሰዶም አለበት። አዲስ አበባ ያሉት እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ቃሉ ያምረኛል፣ ግን ሆስፒታል ውስጥ ማን ይረዳዋል?

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን ጥቅሶቹን ተካፈልን። ሕዝቅኤል 16፥49ን እኔ ነኝ ያነበብኩት። የሰዶም ኃጢአት ምን ነበር ይላል? ትዕቢት፣ እንጀራን መጥገብ፣ መዝለልና ሥራ መፍታት፤ የችግረኛውንና የድሀውን እጅ አላበረታችም። ይኸው ነው። ከታልሙድ፣ ከራቢዎቹ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ደግሞ፣ ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍል፣ አንዲት የሰዶም ልጃገረድ ዳቦ በእንስራ ደብቃ ለድሀ ትሰጥ እንደነበር ይነገራል። ሲደርሱባት ገላዋን ማር ቀብተው ግንብ ላይ አቆሟት፣ ንቦች መጥተው በሏት። «የአባቶች ምዕራፍ» በሚባለው የራቢዎች መጽሐፍም «የእኔ የእኔ፣ የአንተ የአንተ» የሚል ሰው ጠባዩ የሰዶም ጠባይ ነው የሚሉ አሉ።

እኔ የማስበው ስለ አገሬ ነበር። ገጠራችን ውስጥ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ካለ ውሻው ይታሰራል፣ እግሩ ይታጠባል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። ሰዶም ማለት እንግዲህ ያን ሰው ውጭ የሚያሳድር ቤት ነው። ልጁን «እንዲህ ከሆንክ ከቤቴ ውጣ» ብሎ በሌሊት በር የሚዘጋው ሰው ነው ወይስ በሩ ውጭ የቆመው ልጅ፣ ግብሩ የሰዶም የሆነው የማን ነው? ይህን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክሬ አልወጣልኝም፤ ቃላችን ውስጥ ሰዶም መኖሩን መጀመሪያ ማስረዳት ነበረብኝ።

ሁሉም በዚህ ተደሰተ ማለት አይደለም። ጥቁር ኮት የለበሰው ልጅ እጁን አነሳና «ሰዶም ብትወጣም ዘሌዋውያን 18፥22 አልወጣም» አለ። እውነቱን ነው። ያ ቁጥር፣ ወንድ ከወንድ ጋር እንዳይተኛ የሚከለክለው፣ በዓመት አንዴ በዮም ኪፑር፣ በማስተስረያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ በጾም ደክሞ በተቀመጠበት፣ በብዙ ምኩራቦች ይነበባል፤ እሱ በየዓመቱ በዚያ ሰዓት ወደ መጸዳጃ ቤት እንደሚሄድ ነገረን። ከአይሁድ ወገኖች ሪፎርሞቹ ክልከላውን ከተዉት ቆይተዋል፤ ኮንሰርቫቲቮቹ በ2006 እርስ በርስ የሚቃረኑ ውሳኔዎችን ባንድ ቀን አጽድቀው እያንዳንዱ ራቢ እንዲመርጥ ተዉት፤ ኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ክልከላው እንዳለ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ስቲቭ ግሪንበርግ የሚባሉ ኦርቶዶክስ ራቢ በ1999 ራሳቸውን በይፋ ገልጸዋል። ልጁ ይህን ሁሉ ከእኛ በላይ ያውቃል። መልስ የሰጠው አልነበረም። ራቢውም አልሞከረም፤ ለዚህ ነው ያመንኩት።

ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር አልልህም። ቅዳሜ ጠዋት ከጸሎት በፊት «ከማታውቀው ሰው ጋር አምስት ደቂቃ ዓይን ለዓይን ተያዩ» የሚል ነገር ነበር። እኔ እምቢ ብዬ ወጣሁ። ያሳደጉኝ ሰዎች ታላቅን ዓይን ዓይኑን ማየት ብልግና ነው ብለው ነው፤ ፊት ለፊቴ የደረሱኝ ደግሞ የአባቴ እኩያ ናቸው። ከበሮ የሚመታበትም ሰዓት ነበር፤ ከበሮ ለማያውቅ ሰው መስጠት ምን ይባላል? እምቢ ማለት ትችላለህ። «ዛሬ ይቅርብኝ» በቂ ነው፣ ምክንያት አይጠየቅም። የሚጠይቅህ ካለ ቦታው ጥሩ ቦታ አይደለም።

ጸሎት ላይ ካዲሽ፣ ለሞቱ ሰዎች የሚባለው ጸሎት፣ ሲደርስ ሽማግሌው ተነሱ፤ በ1980ዎቹ በኤድስ የሞቱባቸውን ጓደኞች ስም ከወረቀት ሳይሆን በቃላቸው ጠሩ። ለብዙዎቹ ቤተሰባቸው አላለላቸውም አሉ። እኔም የወንድሜን ስም ጨመርኩ።

ቅዳሜ ሲመሻሽ ነው ክብ ሠርተን የተቀመጥነው። በሩ ጋ ተጠጋሁ። ሕጉ፣ አንድ ሰው ሲናገር ማንም አይመልስም፣ አይመክርም፣ ከክፍሉ ሲወጣም አያነሳበትም። ማለፍም ይቻላል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «በአማርኛ ልናገር?» አልኩ። «ተናገር» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ምስጢር በአማርኛ የማወራ ሰው ነኝ፤ የራሴን በዚያ ቋንቋ ጮክ ብዬ ብዬው አላውቅም ነበር። በዕብራይስጥ ብያለሁ፣ በእንግሊዝኛም፣ በሁለቱም የሌላ ሰው ነገር ይመስለኛል። «እማዬ» ብዬ ጀመርኩ። «እማዬ፣ እኔ ሚስት አላገባም። ጠብቀሽ አትድከሚ።» ቀጥሎ ያለው ቃል ጠፋኝ። የሚሆነኝን ስፈልግ ቆየሁ፣ አጣሁት፣ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው የሒሳብ መምህሩ ነበር። እጁን መዳፉ ወደ ላይ አድርጎ በመካከላችን ወለሉ ላይ አኖረው፤ ዝም ብሎ። ያዝኩት።

ዋጋው ላንተ ከከበደህ መጠየቅ አትፈር። ቅጹ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «የገንዘብ ድጋፍ» የሚል ነበር፤ ሁለት መስመር ጻፍኩና ከዋጋው ሲሶውን ብቻ ከፈልኩ። ሞቅ ያለ ልብስ፣ ሁለት ፎጣ፣ ነጠላ ያዝ። እኔ ነጠላዬን ለጸሎት ለብሼ ነበር፤ በሁሉም ሰው ታሊት፣ በጸሎት ኩታቸው፣ መካከል ደስ አለኝ። የምታውቀው ሰው ቢገጥምህ አትደንግጥ፤ እሱም እኮ አንተን አግኝቷል። ሰኞ ግን ይከብዳል። ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ ሆስፒታል ገብቼ የመጀመሪያውን ስልክ ሳነሳ ዕንባዬ መጣ፣ ተርጓሚው ጉንፋን ይዞታል ተባለ። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ስትመለስ የምትሄድበትን አዘጋጅ። ኒው ዮርክ ከሆንክ ቤይት ሲምሃት ቶራ ምኩራብ ከ1973 ጀምሮ አለ፤ ኦርቶዶክስ ቤት ላደገ ኤሼል የሚባሉት አሉ። እስራኤል ከሆንክ ሃይማኖተኛ ወንዶችን ሃቭሩታ ያሰባስባል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥም ከ1997 ጀምሮ «ክፍት ቤት» የሚባል ማኅበር አለ። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሆነህ ይህን የምታነብም ከሆነ፣ ለእናንተም በየሃይማኖቱ የተቋቋመ አይጠፋምና በምትኖርበት አገር ፈልግ፤ የራኬቱን ጥያቄ ግን ቀድመህ ጠይቅ።

እናቴ ሬሆቮት ነው የምትኖረው። በየሳምንቱ ዓርብ፣ እሷ ዘንድ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ እደውልላታለሁ። እስካሁን አልነገርኳትም። ከዚያ ቆይታ ቀጥሎ ባለው ዓርብ ስደውል «ያለፈውን ሰንበት የት ዋልክ? ድምፅህ ጎርንኗል» አለችኝ።

«ከጓደኞች ጋር ገጠር ሄጄ ነበር። ሰንበት ከመግባቱ በፊት ውሃ ገባን።»

ዝም አለች። ከዚያ «ወራጅ ነው?» አለች።

«አይ፣ ሐይቅ ነው።»

«ከላይ የሚገባበት፣ ከታች የሚወጣበት አለው?»

«አለው መሰለኝ።»

«እንግዲያውስ ይሆናል። ብቻህን ነበርክ?»

«አይ እማዬ። ሰው ነበር።»

«ጎሽ። በዚህ ብርድ ብቻውን ውሃ የሚገባ ሰው ሞኝ ነው።»